የስልክ ብድር ጣሪያን ከፍ ማስደረግ፦ ከከተማ ዳር ለሚነግዱ ዝርዝር መመሪያ

በአገራችን ክሬዲት ካርድ ብዙ ሰው እጅ ያልገባ ነገር ነው። የእኛ ሰው የመጀመሪያ ክሬዲት ስልኩ ውስጥ ያለው ነው። ዋስ ሳይጠራ፣ ካርታ ሳያስይዝ በጥቂት ደቂቃ የሚለቀቅ ትንሽ ብድር። ችግሩ ትንሽነቱ ነው። በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በጀሞ ወይም በለገጣፎ ከኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ከፍቶ ለሚነግድ ሰው የመጀመሪያዋ ጣሪያ (ሊሚት፣ ማለትም የሚፈቀደው ከፍተኛ የብድር መጠን) ዕቃ ለማስጫን ቀርቶ አንዳንዴ ዕቃውን ለምታመላልሰው ትንሽ መኪና፣ ለዳማሱ፣ ኪራይ እንኳ አትተርፍም። ስለዚህ «ሊሚቴን እንዴት ላስጨምር?» የሚለው ጥያቄ በየሱቁ ይነሳል።

መልሱ ብዙ ሰው ከሚያስበው ይለያል። ጣሪያ በልመና አይጨምርም፤ በትውውቅም አይጨምርም። ራሳችሁ ዱቤ ስትሰጡ የምታደርጉትን አስቡ። ከሦስተኛ ፎቅ የምትወርደው ደንበኛ ደመወዝ በወጣ ማግሥት ስለምትከፍል ደብተሩ ላይ ስሟ ሲረዝም አትጨነቁም። ትናንት የተከራየው ጎረምሳ ግን ጥሩ ሰው ሊሆን ቢችልም ስለማታውቁት አንድ ሳሙና ትሰጡትና ታያላችሁ። አበዳሪውም የያዘው እንዲህ ዓይነት ደብተር ነው። ልዩነቱ እሱ ፊታችሁንም ሱቃችሁንም አያይም፤ የሚያየው በስልካችሁ ያለፈውን ገንዘብ ብቻ ነው። የዳር ከተማ ንግድ ደግሞ አሁንም በአብዛኛው በጥሬ ብር ነው። በቀን ብዙ ሺህ ብር የሚሸጥ ሱቅ፣ ገንዘቡ ከመሳቢያ ወጥቶ በጅምላ አከፋፋዩ እጅ የሚገባ ከሆነ፣ ለሲስተሙ የሌለ ሱቅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ያንን ሱቅ እንዲታይ ማድረግ ነው።

አንደኛ፦ የያዛችሁት ብድር የትኛው እንደሆነ ለዩ

«የስልክ ብድር» እየተባለ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር አንድ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ በ2014 መጨረሻ ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ መላን፣ እንደኪሴንና ሳንዱቅን አመጣ። መላ ገንዘቡን ወደ ሂሳባችሁ የሚያስገባ አነስተኛ ብድር ነው። እንደኪሴ ክፍያ ስትፈጽሙ ሂሳባችሁ ሲጎድል የጎደለውን ይሞላል። ሳንዱቅ ቁጠባ ነው። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ምቹ የሚባል ዋስትና የማይጠይቅ ብድር አለው፤ ዋና ትኩረቱ ትንንሽ ነጋዴዎች ናቸው። የዳሸን ዱቤ አለ ደግሞ ዕቃ ወስዶ ቀስ እያሉ ለመክፈል ነው። ሌሎች ባንኮችም የየራሳቸው አላቸው።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? በአንዱ ባንክ ያስመዘገባችሁት መልካም ታሪክ በሌላው ሲስተም ውስጥ ጣሪያችሁን በራሱ አያሳድግም። በሦስት ቦታ ሦስት ትንንሽ ብድር ከመያዝ አንዱን መርጦ ገንዘብን በእሱ በኩል ማመላለስ ይሻላል። ምርጫው ቀላል ነው፤ ደንበኞቻችሁ በብዛት የሚከፍሏችሁ በየትኛው ነው? እሱ ነው።

አሁን መተግበሪያውን ከፍታችሁ (ስማርት ስልክ የሌላችሁ ለቴሌብር *127# ደውላችሁ) አራት ነገር በወረቀት ጻፉ፦ የተፈቀደላችሁ ጣሪያ፣ የአገልግሎት ክፍያው ወይም ወለዱ፣ የመመለሻው ቀን፣ ቢዘገይ የሚጨመረው ቅጣት። አራተኛውን የሚያነብ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም። ከወለድ ነፃ የሆነውን የምትፈልጉ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው በከወለድ ነፃ መስኮቱ በኩል ጠይቁ፤ ኋላ ማዛወር ጣጣ አለው።

ሁለተኛ፦ ጭማሪው ያዋጣል ወይ?

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እሱ ስለሆነ።

ለምሳሌ 10,000 ብር ለ30 ቀን ወሰዳችሁ እንበል። ክፍያው 6 በመቶ ቢሆን 600 ብር ነው። (የእናንተን ትክክለኛ ቁጥር ቅድም ከጻፋችሁት ወረቀት አስገቡ፤ እኔ ለስሌት የሚመች ቁጥር ነው የወሰድኩት።) 6 በመቶ ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ ግን የወር ነው። በዓመት ሲታሰብ 72 በመቶ ይሆናል። የትኛውም የባንክ ቤት ብድር እዚህ አይደርስም። ስለዚህ ይህ ገንዘብ ቶሎ ለሚዞር ዕቃ ብቻ የተሠራ ገንዘብ ነው።

በ10,000ው ዘይት፣ ስኳርና ፓስታ አመጣችሁ። ትርፋችሁ በአንድ ዙር 5 በመቶ ቢሆን 500 ብር ነው። ዕቃው በሳምንት አልቆ ያንኑ ገንዘብ በወር ውስጥ አራት ጊዜ ካዞራችሁት 2,000 ብር አተረፋችሁ ማለት ነው። 600ውን ከፍላችሁ 1,400 ይቀራል፤ ከሱ ላይ ትራንስፖርት ቀንሱ። ጥሩ ነው። አሁን በዚያው ገንዘብ ደብተርና የተማሪ ቦርሳ አመጣችሁ፤ ወሩን ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፤ አንድ ዙር ብቻ ዞረ። 500 አትርፋችሁ 600 ከፈላችሁ። መቶ ብር ከኪስ ወጣ፤ ያም የቅጣቱ ነገር ሳይነሳ። ደብተር ቀስ ብሎ የሚሄድ ዕቃ ነው፤ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ካልሆነ በቀር። ለፋሲካ የሚመጣ እንቁላልና ቅቤ ግን በሦስት ቀን ስለሚያልቅ ለእንዲህ ያለ ብድር ይመቻል፤ ከበዓሉ ማግሥት የተረፈው እንደሚወድቅ ካልረሳችሁ።

ከዚህ በኋላ የምትጠይቁት ልክ ይወጣል። ዕቃ ልታመጡ በምትወጡበት ቀን ሁልጊዜ የሚጎድላችሁ ስንት ነው? 8,000 ብር ከሆነ 8,000 ወይም 10,000 ጠይቁ። 50,000 ቢሰጧችሁ ደስ ይላል፤ ግን ሱቁ የማይውጠው ገንዘብ ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ ልደት፣ ወደ እቁብ ይሄዳል። እቁብ ለመጣል የስልክ ብድር መውሰድ በተለይ የማልደግፈው ነገር ነው፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ሳይታወቅ የብድሩ ቀን ግን ቁርጥ ነው።

ሦስተኛ፦ ስማችሁን አንድ አድርጉ

ሲም ካርዱ በማን ስም ነው የወጣው? በከተማ ዳር ይህ ጥያቄ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ከገጠር ሲመጡ ወንድም ያወጣላቸው፣ ባል በስሙ ያወጣላቸው፣ ከቀድሞ አሠሪ የቀረ ቁጥር ብዙ ነው። በሰው ስም በወጣ ቁጥር የተሠራ የብድር ታሪክ የባለስሙ ታሪክ ነው። ሰውየው ኖሮ የሚተባበር ከሆነ አብራችሁ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም ሱቅ ሄዳችሁ ቁጥሩን አዛውሩ። የማይገኝ ከሆነ በራሳችሁ ስም አዲስ አውጡና ከዜሮ ጀምሩ፤ ያሳዝናል፣ ግን ኋላ ከመከራከር ይሻላል።

ቀጥሎ ፋይዳ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጁ (ቁጥር 1284/2015) ከወጣ ወዲህ ባንኮች ደንበኛቸውን በፋይዳ ለመለየት እየጠየቁ ነው፤ ብድር ላይ ደግሞ ዋናው ነገር እሱ ሆኗል። ባለ12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥር ከባንክ ሂሳባችሁም ከስልክ ገንዘባችሁም ጋር አገናኙ። በዚያው ስማችሁ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጡ። በአማርኛ አንድ የሆነ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በየቢሮው ይለያያል፤ አያት የሚለው ስም በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይቀራል። ፋይዳው ላይ ያለውን ዋና አድርጋችሁ ሌላውን ወደሱ አስተካክሉ።

የመኖሪያና የሥራ ቦታ ነገርም አለ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። የቤት መታወቂያው ከአዲስ አበባ ወረዳ፣ የንግድ ፈቃዱ ከሸገር የሆነ ሰው ብዙ ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ማመልከቻው ላይ ግን ሁለቱን አድራሻ ለይታችሁ ካልጻፋችሁ ባለሙያው «የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ ፋይሉን ያቆየዋል።

አራተኛ፦ ገንዘቡ በስልክ ይለፍ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ፈጣን መንገድም የለውም።

ሽያጩን በማስገባት ጀምሩ። የግል ቁጥራችሁን በካርቶን ላይ ጽፎ ከመለጠፍ የነጋዴ ኮድ ወይም ኪውአር አውጡ። በግል ቁጥር የሚገባ ገንዘብ ከእህት የተላከ ይሁን ከደንበኛ የተከፈለ አይለይም፤ በነጋዴ ኮድ የገባው ግን ሽያጭ መሆኑ የታወቀ ነው። ደንበኛ «ኔትወርክ የለም፣ በካሽ ልስጥሽ» ሲል መቀበል ግዴታ ነው፤ ማንም በኔትወርክ ምክንያት ደንበኛ አይመልስም። የተጠራቀመውን ጥሬ ብር ግን ማታ ወይም በማግሥቱ ወኪል ጋ ወይም ባንክ አስገቡት። ከመሳቢያ በቀጥታ ወደ አከፋፋይ አይሂድ።

ከዚያ ወጪውን። ብዙ ሰው ገቢውን ብቻ በስልክ አድርጎ፣ ገንዘቡ እንደገባ ጥርግ አድርጎ በጥሬው ያወጣዋል። ሲስተሙ የሚያየው ታዲያ ገብቶ ወዲያው ባዶ የሚሆን ሂሳብ ነው። በሳሪስ፣ በቃሊቲም ሆነ በመርካቶ ያሉ አከፋፋዮች በስልክ ወይም በባንክ ዝውውር መቀበል ለምደዋል፤ ዕቃውን ስታነሱ በዚያ ክፈሉና ደረሰኙን ያዙ። የሱቁን መብራት፣ ውኃና የአየር ሰዓት ከዚያው ሂሳብ ክፈሉ። ማታ ሲዘጋም ትንሽ ነገር ይቅር፤ ጥቂት መቶ ብር ቢሆንም በየቀኑ የሚያድር ገንዘብ ያለው ሂሳብና ሁልጊዜ ዜሮ የሚያድር ሂሳብ እኩል አይታዩም። ቁጠባ ካለው አገልግሎት ጋር ከሆናችሁ በየሳምንቱ የምትቆጥቡት ቋሚ መጠን ይኑር፤ ማነሱ አያሳፍርም፣ መቋረጡ ነው የሚጎዳው።

አንድ ብልጠት አለ፤ ሲመክሩት ሰምታችኋል። ሁለት ሰዎች ያንኑ 5,000 ብር ቀኑን ሙሉ እየተላላኩ «ትራንዛክሽን ማብዛት»። ቁጥሩን ያበዛል እንጂ ሽያጭ አያሳይም፤ በአንድ ሰውና በአንድ ሰው መካከል ብቻ የሚመላለስ ገንዘብ ከሩቅ ይታወቃል። ሃያ የተለያየ ደንበኛ የከፈለው ሃያ ትንንሽ ክፍያ ይበልጣል።

የእቁብ ሰብሳቢ የሆናችሁ ደግሞ የእቁቡን ገንዘብ በዚህ ሂሳብ አትቀበሉ። የብድሩ ቀን አልፎ ከሆነ ብዙዎቹ አገልግሎቶች የገባውን ገንዘብ በራሳቸው ቆርጠው ይወስዳሉ። ያኔ የተቆረጠው የእናንተ ብር አይደለም፣ የአባላቱ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ለእቁቡ ዳኛ ማስረዳት የእናንተ ፈንታ ይሆናል።

አምስተኛ፦ ትንሹን ብድር ወስዳችሁ በትክክል መልሱ

ጣሪያ የሚያድገው ብድር በመፍራት አይደለም። የተፈቀደላችሁን ጨርሶ ካልነካችሁት ስትመልሱ የታየ ነገር የለም። ለሚዞር ዕቃ ውሰዱ፣ መልሱ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ደግማችሁ ውሰዱ። በመለሳችሁበት ደቂቃ ሙሉውን መልሳችሁ መውሰድ የተጨነቀ ሰው አካሄድ ይመስላል፤ በመካከል ጥቂት ቀን ይለፍ።

ቀኑ ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ፤ ሰው የሚሳሳተው ከገንዘብ ማጣት ይልቅ እዚህ ነው። በአጭር መልእክት የሚመጣው የመመለሻ ቀን በአብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 05/10 የሚል ቀን ሲመጣ 10 ቁጥርን ሰኔ ብሎ የሚያነብ አለ፤ ኦክቶበር 5 ነው፣ በተለመደው ዓመት መስከረም 25። ስለዚህ መልእክቱ እንደደረሰ ወደ እኛ ቀን ለውጣችሁ ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ አክብቡ።

ሁለተኛው ወጥመድ ጳጉሜን ናት። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የ30 ቀን ብድር የሚያልቀው በቀጣዩ ወር በዚያው ቀን ነው፤ ጥቅምት 8 የወሰዳችሁት ኅዳር 8። ይህን የለመደ ሰው ነሐሴ 20 ወስዶ መስከረም 20 ይጠብቃል። ጳጉሜን 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ግን ቀኑ መስከረም 15 ነው፤ 6 በሆነችበት መስከረም 14። ለእንቁጣጣሽ ዕቃ የሚበደር ሰው ሁሉ የሚወስደው በዚያ ሰሞን መሆኑን ስታስቡት አምስቱ ቀን ቀላል አይደለችም።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ለሲስተሙ ቀን የሚያልቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። «ነገ ጠዋት ሱቅ ስከፍት እከፍላለሁ» ማለት ዘገየሁ ማለት ነው። የዳሩ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ የሚደክምበት ጊዜ ስላለ በመጨረሻዋ ማታ አትመኩ። ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ክፈሉ። ከፍላችሁም የማረጋገጫውን መልእክት አንብቡ፤ የቀረው ዕዳ ዜሮ ነው ይላል? ጥቂት ብር ሳትከፈል ቀርታ ወሩን ሙሉ «ያልተመለሰ ብድር» ሆና የምትቆይበት ጊዜ አለ። መልእክቱን አታጥፉ።

ስድስተኛ፦ ጥያቄው

ብዙዎቹ የስልክ ብድሮች የመጠየቂያ ቁልፍ የላቸውም። ሲስተሙ ራሱ በየጊዜው ያያል፤ ሲያምን ይጨምራል። ስለዚህ ከጥቂት ንጹሕ ዙሮች በኋላ ብድሩን ከመውሰዳችሁ በፊት ጣሪያውን ግቡና እዩት፤ ሳትሰሙ ጨምሮ ሊሆን ይችላል። መተግበሪያውንም አድሱት።

ካልጨመረ ደውሉ። የቴሌብር 127 ነው፤ ለባንክ ብድር ራሱ ባንኩ ጋ። «ለምን አትጨምሩልኝም» ብሎ መጀመር ከስልኩ ማዶ ያለችውን ልጅ ማስጨነቅ ብቻ ነው፤ ጣሪያውን የምትወስነው እሷ አይደለችም። የምታውቀውን ጠይቋት፦ «ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የብድር ጣሪያዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልተለወጠም። በስሜ ያልተዘጋ ብድር ይታይሻል? ፋይዳዬ ተገናኝቷል? የሂሳቤ ደረጃስ የመጨረሻው ነው?» ሦስቱም አዎ ወይም አይ የሚባሉ ጥያቄዎች ናቸው፤ እንቅፋቱም ብዙ ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ደላላው። በቴሌግራምና በየሰፈሩ «ሊሚት እናስጨምራለን» የሚሉ አሉ። ቅድሚያ ክፍያ፣ የሚስጥር ቁጥር፣ ወይም በመልእክት የመጣላችሁን ኮድ ይጠይቃሉ። ማንም ውጭ ያለ ሰው ጣሪያ መጨመር አይችልም። ኮዱን የሰጣችሁት ሰው ያለውን ጣሪያ ሙሉ በሙሉ በእናንተ ስም ተበድሮ ይጠፋል፤ ዕዳው የእናንተ ነው። የቴሌኮሙም ሆነ የባንኩ ሠራተኛ ፒን አይጠይቅም።

ብድሩ የባንክ ሆኖ ቅርንጫፍ ያለው ከሆነ ግን በወረቀት መጠየቅ ይሠራል፤ በተለይ የምትፈልጉት መጠን ስልኩ ከሚሰጠው ሲያልፍ። የሚይዙት፦ የታደሰ ንግድ ፈቃድ (እድሳቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይሠራል፤ በጥር ከሄዳችሁ መታደሱ መጀመሪያ ይጠየቃል)፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ፋይዳ፣ የስድስት ወር የሂሳብ መግለጫ፣ የሱቅ ኪራይ ውል፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ። ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛው ፊርማም ሊጠየቅ ስለሚችል ቤት ውስጥ አስቀድሞ መነጋገር ነው። ወደ ቅርንጫፉ ወር መጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት ወይም የበዓል ዋዜማ አትሂዱ፤ በዚያ ሰሞን የሚያነጋግር ሰው አይገኝም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ከዚህ ሊቀዳ ይችላል፦

ቀን ________
ለ________ ባንክ ________ ቅርንጫፍ

ጉዳዩ፦ የብድር ጣሪያ እንዲሻሻልልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ________ በ________ ከተማ ________ ወረዳ በሸቀጣሸቀጥ ችርቻሮ ንግድ የተሰማራሁ ሲሆን፣ በስልክ ቁጥር ________ የባንኩ የዲጂታል ብድር ተጠቃሚ ነኝ። እስከ ዛሬ የወሰድኳቸውን ብድሮች በሙሉ በጊዜያቸው መልሻለሁ። አሁን የተፈቀደልኝ ጣሪያ ብር ________ ነው። በሳምንት በአማካይ የብር ________ ዕቃ የምገዛ ሲሆን፣ ይኸውም ከዚህ ጋር በተያያዘው የሂሳብ መግለጫ ይታያል። ያለው ጣሪያ ለአንድ ዙር ግዢ የማይበቃኝ በመሆኑ ወደ ብር ________ ከፍ እንዲልልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ተቀባይነት የማያገኝ ከሆነ ምክንያቱ እንዲገለጽልኝ አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስምና ፊርማ ________

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትሰርዟት፤ ከደብዳቤው ሁሉ የምትጠቅማችሁ እሷ ልትሆን ትችላለች። ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱና የራሳችሁ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስደርጉ።

ከውጭ የሚመጣ ምክር

አሜሪካ ያለ ዘመድ «በየስድስት ወሩ ጭማሪ ጠይቁ፣ ባትፈልጉትም» ብሎ ይመክር ይሆናል። እሱ አገር ትክክል ነው። እዚያ በጀማሪ ክሬዲት ካርድ የተፈቀደው 500 ዶላር ሆኖ 250 የተጠቀመ ሰው ግማሹን ነካ ይባላል፤ ነጥቡም ይወርዳል። ጣሪያው 1,000 ሲሆን ያው 250 ሩብ ብቻ ይሆናል። በተለመደው የነጥብ አሰጣጥ በጊዜ መክፈል 35 በመቶ፣ የዕዳ መጠን 30 በመቶ ድርሻ ስላላቸው፣ ሳይበደሩበት ጣሪያውን ማስፋት ብቻውን ጥቅም አለው። እዚያም ቢሆን አንዳንድ ካርድ ሰጪዎች ሲጠየቁ ፋይሉን ጠልቀው ያዩታል፤ ያም እይታ ሁለት ዓመት ሪፖርቱ ላይ ይቆያል። በእኛ አገር ግን ደንበኛው የሚያየው እንዲህ ያለ ለሁሉም ባንክ የሚያገለግል ነጥብ የለም። ያልተፈለገ ጣሪያ እዚህ የሚሰጠው ነገር ቢኖር ፈተና ነው።

ሰባተኛ፦ እንቢ ካሉ

ባንኮች ከማበደራቸው በፊት በብሔራዊ ባንክ ያለውን የብድር መረጃ ያያሉ። እዚያ ያለ የቆየ ዕዳ የስልኩንም የባንኩንም በር ይዘጋል። በዳር ከተማ የሚያጋጥመው ዋናው ነገር የቡድን ብድር ነው። ከዓመታት በፊት ከአምስት ሰው ጋር እርስ በርስ ዋስ ሆናችሁ ከአነስተኛ ብድር ተቋም ወስዳችሁ፣ እናንተ ድርሻችሁን ከፍላችሁ አንዱ ሳይከፍል ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እናንተ ረስታችሁታል፤ መዝገቡ አልረሳም። ተቋሙ ድረስ ሄዳችሁ የቀረውን ጠይቁ። ተከፍሎ ካለቀ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ ተቀበሉና ለአሁኑ ባንካችሁ ስጡ፤ መዝገቡም እንዲስተካከል ዕዳውን የመዘገበው ተቋም እንዲያሳውቅ በጽሑፍ ጠይቁ። ለሰው ዋስ የሆናችሁም እንዲሁ ያንን ብድር አጣሩ።

ዕዳ ከሌለና መልሱ «ገቢሽ አልታየም» ከሆነ ወደ አራተኛው ተመለሱ፤ ቢያንስ ሦስት ወር ገንዘቡን በስልክ አሳልፉና ድገሙ። በየሳምንቱ መጠየቅ ምንም አይጨምርም። የምትፈልጉት ገንዘብ ከስልክ ብድር ጣሪያ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በሌላ በር ነው የሚገባው። በ2011 የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ (ቁጥር 1147) ከቤትና ከካርታ ውጭ ያለ ንብረት፣ ለምሳሌ ማሽን፣ ተሽከርካሪና ያከማቹት ዕቃ፣ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ፍሪጅና የዳቦ ማሽን ያለው ሱቅ ባለሙያውን ይህን ቢጠይቅ አይከስርም፤ ግዢው በደረሰኝ ከሆነ።

ከጨመረ በኋላ

አዲሱን ውል አንብቡ። ጣሪያው ሲያድግ የመመለሻ ጊዜውና ክፍያውም ሊለወጡ ስለሚችሉ በሁለተኛው ክፍል ያለውን ስሌት በአዲሱ ቁጥር ድገሙት። በመጀመሪያው ዙር ሙሉውን አትውሰዱ፤ ከአራት አንድ እጅ ያህል ተዉ። አከፋፋዩ ጋ ዋጋ ሲጨምር ወይም ዕቃ የጫነው ዳማስ መንገድ ላይ ሲበላሽ መጠቀሚያ ይሆናል። ለሰው ተበድሮ ማበደርም በዚህ ጊዜ ይመጣል፤ ጣሪያው መጨመሩን የሰማ ዘመድ አይጠፋም። «ለስልኩ እንጂ ለእኔ አልጨመረም» በሉ፤ እውነትም ነው።

ስልክ ቁጥር ለመቀየር፣ ሲሙን ለሌላ ለመስጠት ወይም ሱቁን ለማስተላለፍ ካሰባችሁ መጀመሪያ ብድሩን ዝጉ፣ በስማችሁ ያለውን የነጋዴ ኮድም አሰርዙ። ሱቁን የተረከበው ሰው በእናንተ ኮድ መሸጡን ከቀጠለ ገንዘቡ ወደ እናንተ ሂሳብ ይገባል፤ ያልተዘጋ ብድር ካለባችሁም ከሱ ላይ ይቆረጣል።